ፕላኑን ማን አየው?

ሠላሳ ዓመት ያለፈው የማኅተም ቀለም ይሸታል ብል የሚያምነኝ የለም። እኔን ግን ሸቶኛል። ባለፈው ማክሰኞ ጊዮርጊስ አጠገብ ባለች አንዲት ኬክ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ሕይወት የምትባል አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ከላስቲክ ውስጥ አንድ ያረጀ ወረቀት አውጥታ ፊቴ ዘረጋችው። የቤት ሽያጭ ውል ነው። ጽሑፉ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ከግርጌው ያለው ሐምራዊ አሻራ የእናቴ አውራ ጣት ነው። ያንን ጣት ይዤ ቀለሙ ላይ የነከርኩትም፣ ወረቀቱ ላይ የጫንኩትም እኔ ነኝ። ከሕይወት ጎን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አባቷ ጋሽ አስፋው ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ደራርበው ተቀምጠዋል። የጥብቅና ሙያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለትምህርቱ አንድ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ መንግሥት ተለውጦ ሰው ቤት መሸጥና መግዛትን እንደ አዲስ የጀመረበት ጊዜ ነበር ልበል። እኔ የምቆጥረው በማኪያቶ ነው። ማኪያቶ ሰባ አምስት ሳንቲም፣ ምስር የገባበት ትኩስ ሳምቡሳ ሃያ አምስት ሳንቲም የሆነበት ዘመን ነው። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ ሁለት ካሴት ቤቶች ፊት ለፊት ተፋጠው ነበር። አንዱ የመለያየት ዘፈን ሲለቅ ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሠርግ ዘፈን ይለቅበታል፤ መንገዱ መሀል የቆመ ሰው በአንድ ጆሮው ሙሽራ፣ በሌላው የተከዳ አፍቃሪ እየሰማ ያልፋል። ጎረምሳው ሁሉ ጫፉን ሁለት ጊዜ የጠቀለለ ጅንስ ለብሶ በወርቅ ቤቶቹ መስታወት ፀጉሩን ያስተካክላል። እኔ የሟች አባቴን ቡናማ ኮት ደርቤ በመሀላቸው ሳልፍ «ሼባው መጣ!» ይሉኛል። አሁን እውነተኛ ሼባ ሆኜ በዚያው ሳልፍ ማንም የሚጠራኝ የለም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ የእግረኛው መሄጃ አምሯል፤ ያማረውን አስቀያሚ ነው ብዬ አልዋሽም። ችግሬ አንድ ነው፤ የት ጋ እንደቆምኩ አላውቅም።

አባቴ ሁሴን ከወሎ መጥቶ ከድልድዩ በታች የከተመ ልብስ ሰፊ ነበር። እሱ ሲሞት እናቴ ዘይነባ በዚያችው ጠባብ ሱቅ ክር፣ መርፌና ቁልፍ እየሸጠች እኔን አሳደገች። ቤታችን እሪ በከንቱ ሰፈር ነበር፤ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ከፊቱ አንድ የኮክ ዛፍ፣ ከጓሮው ደግሞ ጎመን ተተክሎባት እስከ ወንዙ የምትወርድ ቁራሽ መሬት። በግራ በኩል ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ የሚውሉ የጉራጌ ሽማግሌ፣ በቀኝ በኩል እሑድ ጠዋት ከነልጆቻቸው መዝሙር የሚዘምሩ ፕሮቴስታንት መምህር ነበሩ። እናቴ ከቁርኣን ሌላ የምትወደው ዜማ ቢኖር የእነዚያን ልጆች መዝሙር ነው። «ሰይዶ፣ ስማማ፣ ትንሿ ዛሬ ድምጿ ተሻላት» ትለኛለች። ያ ቤት ለእናቴ ባሏም ነበር፣ ጡረታዋም ነበር፣ ዘመዷም ነበር።

ያኔ የጥብቅና ሥራ መማር ፈልጎ ዩኒቨርሲቲ ያልቀናው ሰው ካንድ ጠበቃ ቢሮ ተጠግቶ ዓመታት ይለማመዳል፤ በመጨረሻም ከጠበቃው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ተቀብሎ ለፈቃድ ይፈተናል። ጠበቃው ታዲያ ለማስተማሪያ ገንዘብ ይቀበላል። ጋሽ አስፋው በወር ሰማንያ ብር ያስከፍሉ ነበር። ሰማንያ ብር ለእኛ ቤት የወር ቀለብ ነው። እናቴ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ያንን የሚንጣጣ የእንጨት ደረጃ እያለከለከች ወጥታ ጠረጴዛቸው ላይ ልታኖር ስትል እጇን በቀስታ መለሱት።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ያስቀምጡት። ይህን ኮት ያዩታል?» አሉና የራሳቸውን ኮት ገልበጥ አድርገው ገበሩን አሳዩዋት። «የሰፋልኝ ሁሴን ነው። አሥር ዓመቱ፤ አንዲት ክር አልተመዘዘችም። ከሁሴን ልጅ ገንዘብ ከተቀበልኩ ሰው አይደለሁም።»

«ኧረ ወላሂ አይሆንም! ሌሎቹ ልጆች ይከፍሉ የለ?»

«ሌሎቹ ሌላ ናቸው። ይህ ልጄ ነው።»

እናቴ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል አፍረው አነሷት። «አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎ! ልጆችዎን ለወግ ማዕረግ ያብቃልዎ!» አለች። ከደረጃው ስንወርድ ደግሞ «ይህን ሰው እንደ አባትህ እይ፤ ፊት ለፊቱ ድምፅህን ከፍ እንዳታደርግ» ብላ ጆሮዬን ያዘች። ያን ቀን ለሌሎች ሰዎች ውል በሚጻፍበት ክፍል ውስጥ ስለ እኔ ትምህርት ወረቀት እንጻፍ ያለ ሰው አልነበረም። ከልጅ መምህር ወረቀት መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

ጋሽ አስፋው ጎበዝ ነበሩ። ይህን የምለው እያንገሸገሸኝ ቢሆንም እውነት ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚሉት እሳቸውን ነው። «ውል የሚጻፈው በእግር ነው» ይሉናል። ቤት ሊሸጥ ሲመጣ ግቢውን በእግራችን ዞረን አራቱን አዋሳኞች በስማቸው እንጽፋለን፤ በምሥራቅ የእገሌ ግቢ፣ በምዕራብ የእገሊት አጥር፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ እያልን። ጎረቤት እናነጋግራለን። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ነበረቻቸው። ማንኛችንም የውል ረቂቅ ይዘን ስንቀርብ ቀና ሳይሉ «ፕላኑን ማን አየው?» ይላሉ። መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ «እኔ፤ በዓይኔ»። «ሻጩ ነግሮኝ»፣ «ደላላው አይቶት» ብሎ ነገር አይሠራም። ረቂቁ ይመለሳል፣ ልጁም ወደ ማዘጋጃ ቤት ይላካል። ምክንያቱም ቤቱ ቢያምር፣ ካርታው ንጹሕ ቢሆን፣ የከተማው ፕላን መንገድ ካሳለፈበት ገዢው የገዛው አፈር ነው።

ፕላን ክፍል ውስጥ ግርማ የሚባሉ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሠራተኛ ነበሩ። ትልልቁን ካርታ እንደ አንሶላ ይዘረጉልኝና በአጉሊ መነጽር ቀዩን መስመር ያሳዩኛል። ቀዩ መስመር ወደፊት የሚወጣው መንገድ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን እሄዳለሁ። ልደታ፣ ጉለሌ፣ ካዛንቺስ፣ የስንቱን ሰው ቤት ከቀይ መስመር ማዳኔን ዛሬም እቆጥራለሁ። የእኛን ሰፈር ካርታ ግን አንድ ቀን እንኳ ዘርጉልኝ ብያቸው አላውቅም። የሐኪም ቤተሰብ ሳይታከም ይሞታል ይባል የለ።

በተማርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ አስፋው በሩን ዘግተው አስቀመጡኝ። ፊታቸው የመርዶ ፊት ነበር። «ሰይዶ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርህ አላውቅም። ለሌላ ጉዳይ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ የሰፈራችሁን ፕላን አየሁት። መንገዱ ቤታችሁ ላይ ነው። በመሀል ነው የሚያልፈው።»

እናቴን ነው ያሰብኩት።

«አይዞህ፤ ገና አልተነገረም። ከተነገረ በኋላ የሚገዛችሁ የለም። ደምሴ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ለጊዜው ዕቃ ማስቀመጫ ይፈልጋል። ሲፈርስ ይፍረስ ብሎ በግማሽ ዋጋ ይውሰደው። ለእናንተ ስል እኔ እለምነዋለሁ።»

እጃቸውን ስሜ ተነሣሁ። ኮቴን ለበስኩ። እግሬ ሦስት ዓመት የለመደውን ያውቃልና ወደ በሩ መራኝ።

«ወዴት ነህ?» አሉ።

«ፕላን ክፍል ደርሼ ልምጣ ብዬ...»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ያዘኑ መሰሉ፤ ያጎረሰው ልጁ ጣቱን እንደ ነከሰው አባት። «እኔ አይቼዋለሁ አልኩህ እኮ» አሉ።

ተቀመጥኩ። ያ መቀመጥ ነው የሚያንገበግበኝ። ከዚያ ቢሮ እስከ ማዘጋጃ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ግን ሰማንያ ብሬን የመለሰልኝን፣ ልጄ ያለኝን፣ የአባቴን ኮት የለበሰውን ሰው እንዴት አድርጌ ልጠራጠር? ሄጄ ባይ፣ ማየቴን ቢሰሙ፣ ምን ይሉኛል? ይሉኝታ ያዘኝ። ለማላውቀው ሰው ቤት ስንት ጊዜ የተመላለስኩ እግረኛ ለእናቴ ቤት ከወንበር አልተነሣሁም።

እናቴ ስትሰማ አላለቀሰችም። የኮክ ዛፏን አየችና «አልሐምዱሊላህ» አለች። «ልጄ ባይማር ኖሮ አንድ ቀን ዶዘር መጥቶ ሜዳ ላይ ይጥለን ነበር።» ውሉን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ጋሽ አስፋው እየተንጎራደዱ አስጻፉኝ። አዋሳኞቹን እስከ «በደቡብ ወንዙ» ድረስ ጻፍኩ። «ቤቱ በፕላን መነካቱንስ አላስገባውም?» ብዬ ጠየቅሁ። «ገዢው ያውቀው የለም እንዴ፤ ምን ያደርጋል?» አሉ። ምክንያት መሰለኝ። እማኞቹ ፈረሙ። እናቴ መጻፍ አትችልምና አውራ ጣቷን ያዝኩላት። መርፌ የወጋጋት ሻካራ ጣት ነበረች። «አንተ ያነበብከው ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ቀለሙን ከጣቷ ላይ በመሐረቤ ስጠርግላት ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ቀረ።

ኮልፌ አንድ ክፍል ተከራየን። ገንዘቡ በሁለት ዓመት ውስጥ ኪራይና ቀለብ ሆኖ አለቀ፤ እናቴ ሱቋንም ለመተው ተገደደች፣ ከኮልፌ ድልድዩ ድረስ መመላለስ አቃታት። ግን አንድ ቀን አላማረረችም። አዲሶቹን ጎረቤቶች ሰብስባ ስለ እኔ ታወራለች። «ይኸ ልጄ ነው ከመፍረስ ያዳነኝ። ጌታው አቶ አስፋውም ቢሆኑ፣ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው፣ አንድ ሳንቲም ሳይቀበሉ ነው ያስተማሩልኝ» ትላለች።

ከተሸጠ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ቀድሞ ጎረቤታችን የነበሩት መምህር ቤታቸውን ለመሸጥ ወደ ቢሮ መጡ። ጉዳዩ ለእኔ ተሰጠኝ። እንደ ልማዴ ወደ ፕላን ክፍል ሄድኩ። ግርማ ካርታውን ዘረጉ፤ አጉሊ መነጽራቸውን ይዤ ቀዩን መስመር መፈለግ ያዝኩ። የለም። ከወንዙ ማዶ፣ ሩቅ፣ አንድ ቀይ መስመር አለ፤ በእኛ በኩል ግን ወረቀቱ ነጭ ነው። የእኛን ግቢ አገኘሁት። የኮክ ዛፏ ባትታይም ቦታዋን አውቀዋለሁ።

«ይህ ፕላን መቼ ተለወጠ?» አልኳቸው።

«አልተለወጠም። እዚህ ሰፈር ድሮም መንገድ የለም» አሉ ግርማ። «አለቃህስ አልነገሩህም? አምና እዚችው ቆመው ይህንኑ ካርታ አይተውት ነበር። በደንብ ነው ያዩት፤ መነጽሩን ተቀብለውኝ።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን ወደቅሁ። በማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ የአባቴን ኮት እጅጌ ነክሼ አለቀስኩ። ከዚያ ምን አደረግሁ? ቢሮ ገብቼ ጠረጴዛ ገለበጥኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። የመምህሩን ውል ጽፌ ጨረስኩ። በማግሥቱ እናቴ ታማለች ብዬ ቀረሁ፣ በዚያው ቀረሁ። የሥራ ልምዱን ደብዳቤ ሳልጠይቃቸው ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንኩ። ፈቃድ ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ ነው። ክስ ላቅርብ ብል ማስረጃዬ ምንድን ነው? ውሉ ስለ ፕላን አንድ ቃል አይልም፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ለእናቴም አልነገርኳትም። ብነግራት የምትሰማው መዘረፏን ብቻ አይደለም፤ የኮራችበት ልጇ እጇን ይዞ እንዳዘረፋት ነው። እስከ ዕለተ ሞቷ ጋሽ አስፋውን እየመረቀች ኖረች፤ እኔም «አሚን» እያልኩ ኖርኩ። እያንዳንዱ አሚን ሬት ሬት ይለኝ ነበር።

ቤቱ ታዲያ ሠላሳ ዓመት ቆመ። ከደምሴ ወደ ጋሽ አስፋው ዞረ፤ ፊቱ ላይ አራት ሱቆች ተሠርተው ተከራዩ፣ የኮኩ ዛፍ ተቆረጠ። ሰሞኑን ሰፈሩ በሙሉ ለልማት ሲነሣ እሱም ተነሣ። የማክሰኞውን ቀጠሮ ያመጣው ይኸው ነው። ምትክ ቦታና ካሳ ሲሰላ ያቺ ወደ ወንዙ የምትወርደው የጎመን መደብ በሽያጩ ውስጥ መሆኗ አለመሆኗ አከራከረ። እማኞቹ ሞተዋል፣ ደምሴም ሞቷል። በሕይወት ያለሁ ውሉን የጻፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሕይወት አፈላልጋ ስልኬን አገኘች።

ወረቀቱን አሳይታኝ «ኬክ ልምረጥላችሁ» ብላ ወደ ባንኮኒው ስትሄድ ከጋሽ አስፋው ጋር ብቻችንን ቀረን።

«እናትህ ደኅና ናቸው?» አሉኝ።

«ሞታለች። አሥራ አንድ ዓመት ሆናት።»

«ነፍስ ይማር። ደግ ሴት ነበሩ።» ማኪያቷቸውን አማሰሉ። «አንተም ይኸው ሰው ሆንክ። ጠበቃ ሆንክ።»

«ጋሽ አስፋው፣ ያ መንገድ...» ብዬ ጀመርኩ።

«የቱ መንገድ?» አሉና ዓይኔን አዩኝ። ወዲያው እንደ ገባቸው አወቅሁ። ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ዝግ ብለው «ነጻ ትምህርት የት አለ ሰይዶ?» አሉ።

ስንት ነገር ጠብቄ ነበር። አላስታውስም ይላሉ፣ ተሳስቼ ነበር ይላሉ፣ ይቅርታ ይላሉ ብዬ። ይህን ግን አልጠበቅሁም። ለካስ በእሳቸው ቤት ሒሳቡ የተዘጋ ነው፤ ሰማንያ ብሩን ትተው የእናቴን ቤት ተቀብለዋል፣ እኔም ተምሬያለሁ። ተነሥቼ ልሄድ ነበር። ያቺ የጎመን መደብ አልተሸጠችም ብዬ ልጻፍ፣ ይቅርባቸው አልኩ በልቤ። ግን በእጄ «በደቡብ ወንዙ» ብዬ ጽፌያለሁ። ያየሁትን እንድጽፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ እሱን ትምህርት እንኳ አላበላሽባቸውም።

ሕይወት ስትመለስ ወረቀትና እስክሪፕቶ ተቀብያት ጻፍኩ፦ «ውሉ በእጄ የተጻፈ ነው። አሻራው የእናቴ የወይዘሮ ዘይነባ ነው። እስከ ወንዙ ያለው መሬት በሽያጩ ውስጥ ነበረ። እናቴ ቤቱን በግማሽ ዋጋ የሸጠችው በፕላን ተነክቷል፣ በቅርቡ ይፈርሳል ተብሎ ስለተነገራት ነው።» ፈረምኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ሰጠኋት።

አንብባ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። መጨረሻውን መስመር ደግማ አነበበችው።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይኸ ቤት እኮ ሠላሳ ዓመት የነካው የለም። እኔ ያደግሁት በሱቆቹ ኪራይ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ማን ነው ተነክቷል ያላቸው?»

ጋሽ አስፋውን አየኋቸው። እሷም ከእኔ ዓይኗን ወደ አባቷ መለሰች። እቤታቸው፣ ቀደም ብላ እንዳጫወተችኝ፣ ጫማ ሲገዛ ሳይቀር አባቷ የሚቀልዱባት ያቺ የቢሮ ጥያቄ ነበረች፤ በእሷ አድጋለች። ቀልድ ያልሆነ ድምፅ አውጥታ «አባዬ፣ ፕላኑን ማን አየው?» አለች።

ጋሽ አስፋው ማንኪያውን ከሳህኑ ላይ አኖሩ። ውጭ ረዳቶች «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ይላሉ። ሽማግሌው ውሉን፣ ከውሉ ግርጌ ያለውን ሐምራዊ ጣት፣ ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩ። ለልጃቸው መዋሸት አቃታቸው መሰለኝ።

«እኔ» አሉ። «በዓይኔ።»

ሕይወት ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ትጠቀምበት ይሆን፣ ትቀደው ይሆን፣ አልጠየቅኋትም። እኔ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወጥቼ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ወረድኩ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁትን ሰምቻለሁ፤ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ አላለኝም። ሮጬ ሄጄ የምነግራት እናት የለችኝም፤ ብትኖርም አልነግራትም ነበር።